ብስክሌትን በትከሻ፦ የሳይክሎክሮስ ውድድር ታሪክ

ሳይክሎክሮስ ተወዳዳሪዎች በጭቃ፣ በአሸዋ፣ በሣር ሜዳና በዳገት ላይ በተቀየሰ አጭር ዙር የሚመላለሱበት፣ መንገዱ ለጎማ አልመች ሲልም ከኮርቻ ወርደው ብስክሌታቸውን ተሸክመው የሚሮጡበት፣ በተለይ በአውሮፓ የብርድ ወራት የሚካሄድ ውድድር ነው። በጎዳና ውድድር ከብስክሌት መውረድ የድካም ምልክት ሆኖ ሲቆጠር፣ እዚህ ግን ከሙያው ዋና ክፍል ስለሆነ የስፖርቱ ታሪክ በአብዛኛው የመውረድና የመሸከም ታሪክ ነው።

ውድድሩ መልክ የያዘው በፈረንሳይ ሲሆን፣ ዳንኤል ጉሶ እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን የአገሪቱን ሻምፒዮና አዘጋጀ። የጎዳና ብስክሌተኞች ዋናው ወቅታቸው ካበቃ በኋላ ጉልበታቸው እንዳይላላ ያዘወትሩት የነበረው የዚህ ልምምድ ጥቅም ጎልቶ የታየው በኦክታቭ ላፒዝ ነው። በ1907 የፈረንሳይ የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮን የነበረው ላፒዝ፣ ቱር ደ ፍራንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የፒሬኔ ተራሮችን ከፍተኛ መተላለፊያዎች ባቋረጠበት በ1910፣ 2,115 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱርማሌን ከፊሉን እየጋለበ፣ ከፊሉን ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ፤ የዚያን ቀን የ326 ኪሎ ሜትር ጉዞና በመጨረሻም ጠቅላላውን ውድድር አሸነፈ። በዚያ ዳገት ላይ ለመውረድ አለማፈሩ ጠቅሞታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአሸካከሙ ጥበብ ጠጋ ብለው ሲያዩት የሚያስደንቅ ነው። ተወዳዳሪው ብስክሌቱ ገና ሳይቆም ቀኝ እግሩን በኮርቻው ላይ አሻግሮ በግራ በኩል ይወርድና የላይኛውን አግዳሚ ብረት ቀኝ ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ቀኝ እጁንም ከሥር አሳልፎ መሪውን ሲይዝ፣ ቅባታሙ ሰንሰለት ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይሆናል። ብስክሌት ሠሪዎችም የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎችን በአግዳሚው ብረት የላይኛው ጎን መዘርጋትን የለመዱት፣ ሽቦው ትከሻ እንዳይቆረቁርና ጭቃ እንዳያጠራቅም ነው።

በ1924 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር በፓሪስ ተካሄደ፤ በ1950 በዚያችው ከተማ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግም የ1947 የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ዣን ሮቢክ ባለድል ሆነ። ኋላ ላይ የበላይነቱ ወደ ቤልጅግ አጋድሎ፣ ኤሪክ ደ ቭላሚንክ ከ1966 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሴቶች በዚሁ ሻምፒዮና የራሳቸውን ውድድር ያገኙት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይቶ ነው፤ ይህም የስፖርቱ ታሪክ ትልቅ ጉድለት ነው። በ2000 በኔዘርላንድስ፣ በሲንት ሚኪልስኼስተል፣ ጀርመናዊቷ ሃንካ ኩፕፈርናግል የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆነች።