ጨውና እንቅርት፤ ስለ ወጣቶች ምግብ አጭር ታሪክ

በደጋው አገራችን እንቅርት ከጥንት የታወቀ ደዌ ነው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረትም ይመሰክራል። ምክንያቱ የምግብ ጉድለት ነው። ዝናብ የተራራውን አፈር አዮዲን አጥቦ ስለሚወስደው፣ በዚያ የሚበቅለው እህል አዮዲን ያንሰዋል። በጉርምስና ዘመን ደግሞ የሰውነት ፍላጎት ይጨምራልና፣ ደዌው በይበልጥ በኮረዳዎች ላይ ይታያል።

አባቶቻችን ከአፋር በረሃ የሚመጣውን አሞሌ ለገንዘብም ለወጥም ሲገለገሉበት ኖረዋል፤ አሞሌ ግን ይህን ጉድለት አይሞላም ነበር። በኋላ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ጀመር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያውም አዮዲን ወዳልተጨመረበት ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ። ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 13 ዓመት አለፈ፤ በዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ሁሉ ጉርምስናውን ጨርሷል።

እንግዲህ የእንቅርት ታሪክ የመንገድና የገበያ ታሪክም ነው እንላለን። ደንቡም ብቻውን አይበቃም፤ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉታልና፣ ጨውን በተከደነ ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል።