ገበያ ያልቆመላት ከተማ

አርብ ቀትር ላይ በሰሜን እስራኤል የምትገኘው የአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ይተራመሳል። ጠመንጃ ያነገቱ ወታደሮች ከአንዱ አውቶቡስ ወርደው ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ከተማዋ የምትታወቅበት የተቆላ የሱፍ አበባ ፍሬ ቅርፊት ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ በክንዳቸው ይዘው፣ ወታደሩን የልጅ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙትና “በል ቶሎ በል ልጄ፣ ሰንበት ሊገባ ነው” አሉት።

ፉል የለመደ አንባቢ የከተማዋን ስም አይረሳውም። ከእሷ በፊት እዚህ የነበረው የአረቦች መንደር አል-ፉላ ይባል ነበር፤ ስሙም ከዚያው ከባቄላው ነው። የመስቀል ጦረኞችም በቦታው የሠሩትን ምሽግ በፈረንሳይኛ “ባቄላ” ብለውታል። የናፖሊዮን ጦር በ1799 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከኦቶማኖች ጋር የገጠመው በዚሁ ሜዳ ሲሆን፣ ውጊያው የተጠራው ግን በታቦር ተራራ ስም ነው። ለእኛው ደብረ ታቦር ስሙን ያዋሰው ይህ ተራራ ከአፉላ በሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ከሃይፋ ወደ ደርዓ የሚሄደው ባቡር በ1905 ሲመረቅ አፉላ አንዷ ጣቢያው ነበረች፤ ድሬዳዋ ባቡር ካየች ከ3 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በ1910 የቤይሩቱ ባለጸጋ ኤልያስ ሱርሱቅ የመንደሩን መሬት ለጽዮናውያን ሸጠው። የናዝሬቱ ገዥ ሹክሪ አል-አሰሊ ሽያጩን ለማስቆም ታግሎ አልሆነለትም፤ አራሾቹም ከመሬቱ ተነሡ። ይህን ዘሎ የአፉላን ታሪክ መተረክ አይገባም።

ከተማዋ በ1925 ስትቆረቆር አርክቴክቱ ሪቻርድ ካውፍማን የነደፋት በዙሪያዋ ያለው ሸለቆ ሁሉ መዲና እንድትሆን ነበር። አልሆነችም። በእኛ አገር ትንሽ ከተማ የምትወለደው ከገበያ ነው፤ ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ይመጣል፣ ሸጦ ጨውና ማረሻ ይገዛል፣ ጠላ ቤቱም መጋዘኑም በዚያ ቀን ይኖራል። በአፉላ ዙሪያ የሰፈሩት ኪቡጾችና ሞሻቮች የሚባሉት የማኅበር እርሻ መንደሮች ግን ወተታቸውንና እህላቸውን በማኅበራቸው በኩል በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይልኩ ነበር፤ የሚያስፈልጋቸውንም የሚገዙት ከማኅበራቸው ነው። በከተማዋ በኩል ያልፋሉ እንጂ አይገበያዩባትም። ያቆሟት በ1930 የተከፈተው የዔሜቅ ሆስፒታልና መንገዱ ናቸው። ባቡሩ በ1940ዎቹ ሲቋረጥ የመንገደኛው ሸክም ሁሉ በአውቶቡሱ ላይ ወደቀ፤ ባቡሩ የተመለሰው በ2016 ነው።

ወደዚች ከተማ ነው ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የመጡት፤ ከፊሎቹ በ1984 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ ከፊሎቹ ከ14,000 በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ገደማ ባጓጓዘው በ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ። ጎንደር ሳሉ ርስት ስለተከለከሉ ብዙዎቹ የኖሩት በእጅ ሥራ ነበር። ወንዱ ወናፉን እየነፋ የጋመውን ብረት በመዶሻ ቀጥቅጦ ማረሻ ያወጣል፤ ሴቷ ሸክላውን በእጇ አድቦልቡላ ገንቦና ጀበና ትሠራለች። ያ ሁሉ ጥበብ ገበያን የሚጠብቅ ነበር። አፉላ ሲደርሱ ማረሻ የሚገዛ ገበሬ አልነበረም፤ በዙሪያው የሚያርሰው ትራክተር ነው። የአንድ ቀጥቃጭ አባት እጅ በአንድ ጀምበር ሥራ መፍታቱን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ግን ሌላም ነገር አለ። ጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሰንበትን የሚያከብሩት ቤተ እስራኤል አገሬው ሁሉ ሲሸጥና ሲለውጥ ከመንደራቸው ሳይወጡ ይውሉ ነበር፤ የሸክላ ሠሪዋ ገንቦም ሌላ ቀን ይጠብቃል። እዚህ አፉላ ግን ከተማው አብሯቸው ያርፋል፤ አርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው አውቶቡስ ይወጣል፣ ሱቆቹ ብረት መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስም ጣቢያው ጭር ይላል።

ወታደሩ የአያቱን ዳቦ ተቀብሎ በቦርሳው ላይ አስቀመጠው። እጃቸውን ያዘና ቀስ ብለው አብረው ወጡ።