የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥብ

የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥብ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሐረግን ከሐረግ፣ ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር የሚለዩና የሚያያይዙ ምልክቶች፣ እንዲሁም የአጠቃቀማቸው ደንብ ነው። ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ፉል ስቶፕ፣ ኮማ፣ ሴሚኮለን፣ ኮለን፣ አፖስትሮፊ፣ ትእምርተ ጥቅስ፣ የጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ ናቸው። ፉል ስቶፕን አሜሪካኖች «ፒሪየድ» ይሉታል። ሥርዓቱ ለብዙ ዘመን ለሁለት ጌቶች ሲያድር ኖሯል፤ አንዱ የአንባቢው ትንፋሽ፣ ሌላው የዐረፍተ ነገሩ ሰዋስው ነው። እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰናዳ ሰው ግራ የሚጋባውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ጌቶች በማይስማሙበት ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከትንፋሽ ወደ ሰዋስው

ኮማ፣ ኮለንና ፒሪየድ መጀመሪያ የምልክት ስሞች አልነበሩም። የጥንት ግሪክ የንግግር ጥበብ መምህራን የንግግርን ቁራጮች የሚጠሩባቸው ቃላት ነበሩ። «ኮማ» የተቆረጠ ነገር፣ «ኮሎን» የአካል ክፍል፣ «ፔሪዮዶስ» ደግሞ ዞሮ የሚገጥም ዙር ማለት ነው። የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው የቢዛንጥዮሙ አሪስቶፋኔስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ገደማ፣ ነጥብን በሦስት የተለያየ ከፍታ ላይ በማስቀመጥ አንባቢው የትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያርፍ የሚያሳይ ዘዴ አበጀ። ያኔ ግሪክኛ የሚጻፈው ቃል ከቃል ሳይለይ ተያይዞ ስለነበር ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው ነጥቧ ትልቅ እፎይታ ነበረች። በላቲን ጽሑፍ ቃላትን በባዶ ቦታ የመለየትን ልማድ ያስፋፉት በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። የግእዝ ጸሐፍት ይህንኑ ችግር በሁለት ነጥብ ተወጥተውታል፤ በአማርኛ ኅትመት ባዶ ቦታ የሁለት ነጥብን ስፍራ የወሰደው በቅርብ ዘመን ነው።

ሴሚኮለን የማተሚያ ቤት ልጅ ነው። በ1490ዎቹ አልዱስ ማኑቲዩስ የተባለው አታሚ ቬኒስ ውስጥ ለመጽሐፎቹ አስቀረጸው፤ ከዚያም ወደ ሌላው አውሮፓ ተሻገረ። በእንግሊዝ አገር ግን ምልክቶቹ ከዚያም በኋላ የሚለኩት በትንፋሽ ነበር። በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ በ1762 ባሳተመው አጭር የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ አራቱን ምልክቶች ከሙዚቃ ኖታ ጋር አነጻጽሯቸዋል። ሴሚኮለን የኮማን እጥፍ፣ ኮለን የሴሚኮለንን እጥፍ፣ ፒሪየድ የኮለንን እጥፍ ያሳርፋል ይላል። ኮማው አንድ ምት ከሆነ ፒሪየዱ ስምንት ምት መሆኑ ነው። ላውዝ ራሱ ትክክለኛው ርዝመት ሊወሰን እንደማይችል አልሸሸገም። ከላውዝ ብዙ የወሰደው ሊንድሊ መሪ፣ አሜሪካ ተወልዶ በእንግሊዟ ዮርክ አጠገብ የኖረ ሰው፣ በ1795 ያወጣው የሰዋስው መጽሐፍ በሁለቱም አገሮች ትምህርት ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቶበታል። «ትንፋሽ ስትወስዱ ኮማ አድርጉ» የሚለው፣ ዛሬም ከክፍል ክፍል የሚዞረው ምክር የዚያ ዘመን ቅሬታ ነው።

ምክሩ ለእንግሊዛዊ ልጅ ግማሽ ይሠራል። በአማርኛ አፉን ለፈታ ልጅ ግን ይከፋል፤ ልጁ የሚተነፍሰው በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ልክ ነውና። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የእንግሊዝኛ ደንብ ወደ ሰዋስው አጋድሏል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ረጅም ባለቤትን ከግሡ የሚለይ ኮማ በብዛት ይታይ ነበር፤ አንባቢው እዚያ ያርፋላ። ዛሬ ያው ኮማ ስሕተት ተብሎ ይሰረዛል። በአማርኛ «ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡት ተማሪዎች፣» ብሎ ማሳረፍ ማንንም አያስቆጣም። ተማሪው ይህን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ይዞት ሲሄድ ነው ቀዩ እስክርቢቶ የሚጠብቀው።

ኮማ

ከምልክቶቹ ሁሉ ብዙ ሥራ ያለበት፣ ብዙ ስሕተትም የሚሠራበት ኮማ ነው። የሚከተለው ከተማሪ ደብተር ላይ ሊገኝ የሚችል ዐረፍተ ነገር ነው፦ «አይ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት, አይ ቦት ኤ ፔን, አይ ኬም ሆም.» መምህሩ ሁለቱን ኮማዎች ያከብባቸዋል። ተማሪው ግን አእምሮው ውስጥ ያለውን አልሳተም። «ገበያ ሄጄ፣ እስክርቢቶ ገዝቼ፣ ቤት መጣሁ» ሲል «ሄጄ» እና «ገዝቼ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ራሳቸውን ችለው አይቆሙም። የሁሉም ማሰሪያ «መጣሁ» ነው፤ ነጠላ ሰረዙም ቦታውን ይዟል። እንግሊዝኛው ላይ ግን «ዌንት»፣ «ቦት» እና «ኬም» ሦስቱም ማሰሪያ አንቀጾች ናቸው። ሦስት ቤት ተሠርቶ በአንድ አጥር ታጠረ ማለት ነው።

መፍትሔው አንድ ብቻ አይደለም። በየማሰሪያው ፉል ስቶፕ ማስገባት ይቻላል፤ ጽሑፉ ግን ይቆራረጣል። ሴሚኮለንም ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው የተደጋገመውን «አይ» ትቶ «አይ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት, ቦት ኤ ፔን, ኤንድ ኬም ሆም» ማለት ነው፤ አሁን ባለቤቱ አንድ፣ ግሦቹ ሦስት ሆነው ተዘርዝረዋል። ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በኮማ ለማያያዝ ከኮማው ቀጥሎ ከሰባቱ አጫጭር መስተጻምሮች አንዱ መግባት አለበት፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። መምህራን ከመነሻ ፊደሎቻቸው «ፋንቦይስ» የሚል ማስታወሻ ሠርተውላቸዋል። «ሀውኤቨር» ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ ከፊቱ ሴሚኮለን ወይም ፉል ስቶፕ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ፣ ይህ ስሕተት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይወሰንም። የባዮሎጂና የታሪክ መልስ ወረቀት ላይም ይገኛል።

ሁለተኛው ጣጣ ገላጭ ሐረግ ነው። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ጎንደር ኢዝ ኤ ቲቸር» ያለ ሰው ሌሎችም ወንድሞች እንዳሉት፣ የሚናገረውም ጎንደር ስላለው መሆኑን ነገረን። «ማይ ብራዘር, ሁ ሊቭስ ኢን ጎንደር, ኢዝ ኤ ቲቸር» ካለ ግን ወንድሙ አንድ ነው፤ ጎንደር መኖሩ ለመረጃ ያህል ጣል የተደረገ ነው። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ወንድሞቹን የቆጠሩልን ሁለቱ ኮማዎች ናቸው። በአማርኛ «ጎንደር የሚኖረው ወንድሜ አስተማሪ ነው» ሲባል የወንድሞቹ ብዛት ከአገባቡ ይገመታል እንጂ በምልክት አይታወቅም። ገላጩ ከስሙ ቀድሞ ስለሚመጣ ኮማ የሚገባበት ክፍተት የለም። ስለዚህ ተማሪው የማያውቀውን ልዩነት ነው በማያውቀው ምልክት እንዲያሳይ የሚጠየቀው። እነዚህ ኮማዎች እንደ ቅንፍ ጥንድ መሆናቸውም መነገር አለበት። አንዷን ከፍቶ ሌላዋን የሚረሳ ብዙ ነው።

በዝርዝር መጨረሻ፣ ከ«ኤንድ» ወይም ከ«ኦር» በፊት የሚገባው ኮማ የኦክስፎርድ ኮማ ይባላል። ስሙ የመጣው ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው፤ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ሆራስ ሃርት ከ1893 ጀምሮ ለፊደል ለቃሚዎቹ ያዘጋጀው ደንብ ይህን ኮማ አጽንቶታል። የአሜሪካ መጽሐፍ አሳታሚዎች በአብዛኛው ይጠቀሙበታል፤ ጋዜጦች ይተዉታል። ክርክሩ የፊደል ለቃሚ ጭቅጭቅ ይመስላል። በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ግን የ5 ሚሊዮን ዶላር ጉዳይ ሆኗል። የግዛቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማያስገኙ ሥራዎችን ሲዘረዝር፣ ምግብን ከማቀነባበር፣ ከማድረቅ፣ ከማከማቸትና ከመሳሰሉት ቀጥሎ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ይላል፤ ከ«ኦር» በፊት ኮማ የለም። ኦክኸርስት የተባለው የወተት ኩባንያ ሾፌሮች ሐረጉ ለጭነት ወይም ለስርጭት ማሸግን ብቻ ነው የሚለው፣ እኛ ደግሞ አናሽግም፣ እናሰራጫለን አሉ። ኩባንያው በበኩሉ ስርጭት ለብቻው የቆመ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ሾፌሮቹ ሌላም ማስረጃ ነበራቸው፦ በዝርዝሩ ያሉት ሥራዎች ሁሉ በ«ኢንግ» ሲያልቁ «ዲስትሪቢውሽን» እንደ «ሺፕመንት» ተራ ስም ነው፤ ስለዚህ ጓደኛው «ሺፕመንት» ነው። ይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2017 ሕጉ አሻሚ መሆኑን ተቀብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በ2018 ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ሕግ አውጪዎቹ አንቀጹን ሲያሻሽሉ የጎደለውን ኮማ አላስገቡም። በየሥራው መካከል ሴሚኮለን ደረደሩ። ይህን ሕግ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አሻሚነቱን ይዞ መሻገር አይችልም፤ «ለጭነት ወይም ለስርጭት ማሸግ» ከሚለውና «ለጭነት ማሸግ ወይም ማሰራጨት» ከሚለው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

አፖስትሮፊና ሌሎች

አፖስትሮፊ የተዋጠ ፊደልን ወይም ባለቤትነትን ያሳያል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን፣ የባለቤትነት አገልግሎቱ ወጥ ደንብ እስኪይዝ ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። በጣም የሚያሳስተው «ኢትስ» ነው። «የእሱ» ለማለት ያለ አፖስትሮፊ፣ «ኢት ኢዝ» ለማለት ከአፖስትሮፊ ጋር ይጻፋል፤ ጆሮ አይለያቸውም፣ በፊደላችን ብንጽፋቸውም አንድ ናቸው። ጥንት እንግሊዛውያን ራሳቸው ለባለቤትነቱም አፖስትሮፊ ይጨምሩ ነበር። ተማሪን «አላዋቂ» ከማለት በፊት ይህን ማስታወስ አይከፋም።

በትእምርተ ጥቅስ ረገድ ብሪታንያና አሜሪካ ይለያያሉ። አሜሪካውያን ኮማንና ፒሪየድን ምንጊዜም ከመዝጊያው ጥቅስ ውስጥ ያስገባሉ፤ ብሪታንያውያን ምልክቱ የጥቅሱ ከሆነ ውስጥ፣ የጸሐፊው ከሆነ ውጭ ያኖሩታል። መምህሩ አንዱን መርጦ ቢጸና ይበቃዋል። ትልቅ ፊደል ሥርዓተ ነጥብ ባይባልም ከፉል ስቶፕ አይነጠልም፤ የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚረሳው እሱ ነው።

የንግግር ጥበብ

ሬቶሪክ ከሚባለው የንግግር ጥበብ የወረደ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ የዐረፍተ ነገር ዓይነት አለ። እንግሊዝኛ ልማዱ ባለቤትንና ማሰሪያ ግሥን አስቀድሞ ተናግሮ ዝርዝሩን ማስከተል ነው። ተናጋሪው ግን ሁኔታውን፣ ጊዜውንና ምክንያቱን አስቀድሞ፣ በየኮማው እያሳረፈ፣ ዋናውን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ሊያወርደው ይችላል። ይህ ፔሪዮዶስ ከሚለው ቃል ስሙን ያገኘው፣ ሲሴሮ በላቲን የተራቀቀበት አገነባብ ነው። የ1776ቱ የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ የተገነባ ነው። እንግሊዛዊው እንደ ጌጥ የሚቆጥረው ይህ አካሄድ ለአማርኛ ተናጋሪ የዕለት አነጋገር ነው፤ ማሰሪያችን መቼም ቢሆን መጨረሻ ላይ ነው። መምህሩ ይህን ቢያሳይ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው ነገር ሁሉ እንቅፋት አለመሆኑን ያያል። ነገር ግን ጌጥ በየመስመሩ አይደረግም፤ በአሥር ዐረፍተ ነገር አንዴ ይበቃል።

እንግሊዝኛ የአነጋገር ቃናን በምልክት ለመያዝ ያደረገው ሙከራ ብዙ አልሰመረለትም። በ1580ዎቹ ሄንሪ ዴናም የተባለ የለንደን አታሚ መልስ ለማይጠበቅበት ጥያቄ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት አቅርቦ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት ግን ትእምርተ ስላቅን፣ ያን ተዘቅዝቆ የሚቆመውን ቃለ አጋኖ፣ ከሥርዓተ ነጥቦቹ ጋር ይቆጥሩታል። እንግሊዝኛ ለስላቅ የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ ትእምርተ ጥቅስን ነው፤ «ሂስ ፍሬንድ» ብሎ ቃሉን በጥቅስ ማቀፍ «ወዳጅ ተብዬው» እንደማለት ነው። ተማሪው የአማርኛውን ምልክት እንዳለ ቢያስገባው አራሚው ስፓኒሽ የጀመረ ይመስለዋል።