የጭሱ መልእክተኛ፤ የኦክስጅን ሴንሰር ታሪክና የአሮጌ ትንንሽ መኪናዎች ምርመራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ወልድያ የሚያመራው አውራ ጎዳና የመኪና ሞተር ከሚፈተንባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ወዲያው ቁልቁል ተንደርድሮ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፤ ኮምቦልቻን አልፎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ከወጣ በኋላ ደሴ ላይ እንደ ገና 2,500 ሜትር ግድም ይሆናል። ከዚያም በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ሲሪንቃ ይደርሳል። በእርሻ ምርምር ማዕከሏ የምትታወቀው ሲሪንቃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ላይ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የሚጓዝ አንድ ትንሽ የቤት መኪና በአንድ ቀን ውስጥ የሳሳ አየርም የታመቀ አየርም እየተነፈሰ ይውላል። ሞተሩ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያስፈልገው በምን ያውቃል? የዚህ ጥያቄ መልስ በሁለት ዘመን ይከፈላል። በመጀመሪያው ዘመን የሚያውቀው መካኒኩ ነበር፤ በሁለተኛው ግን የማወቁ ሥራ በጭስ ማውጫው ላይ ለሚተከል፣ ከአውራ ጣት እምብዛም ለማይበልጥ መሣሪያ ተሰጠ። ይህ መሣሪያ የኦክስጅን ሴንሰር ይባላል።

ጆሮና አፍንጫ መሣሪያ በነበሩበት ዘመን

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራቶር የተባለው አሮጌ መሣሪያ ግን አየሩን አይመዝንም፤ በጉሮሮው የሚያልፈው አየር በሚፈጥረው ስበት ቤንዚኑን ከቀዳዳው እየሳበ ያስገባል እንጂ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ወፍራም ይሆናል፤ ይኸውም ቤንዚን ይበዛበታል። ውጤቱም የጠቆረ ካንዴላ፣ የሚከረፋ ጭስና ያለ ልክ የሚወጣ ነዳጅ ነው።

በአዲስ አበባ በታክሲነት ያገለገሉት ሰይቼንቶ ፊያቶችና ላዳዎች፣ ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራት ቮልስዋገን፣ ዲኤክስ በሚል ስም የታወቁት የቶዮታ ኮሮላዎች ሁሉ የካርቡራቶር ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ መኪናዎች የሚሆነው የምርመራ ጥበብ በመካኒኩ አካል ውስጥ ይገኝ ነበር። ካንዴላውን ነቅሎ ቀለሙን ያነባል፤ ደረቅና ጥቁር ከሆነ ድብልቁ ወፍራም፣ የነጣ ከሆነ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጭሱን ያሸታል፤ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ ብሎኗን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያዞራል። የሞያው ቋንቋም የታሪኩ ምስክር ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ፣ በየዓመቱ በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ሳይቀር ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሴንሰር የሚለው ቃል ግን ከእንግሊዝኛ የመጣ የኋላ እንግዳ ነው።

ይህ ጥበብ ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ ድንበር ግን ነበረው። ደሴ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ለደሴ አየር እንጂ ለሸዋ ሮቢት አይሆንም። መካኒኩም ከመኪናው ጋር እየተጓዘ በየዳገቱ ብሎን ሊያዞር አይችልም።

ከሎስ አንጀለስ ጭጋግ እስከ ሕግ

ለውጡን የወለደው ግን የሞተር አሠሪዎች ምኞት ሳይሆን የሰዎች ትንፋሽ ነበር። በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ ያንዣብብ የነበረውን ዐይን የሚቆጠቁጥ ጭጋግ የመረመረው የሆላንድ ተወላጁ የኬሚስትሪ ሊቅ አሪ ሃገን-ስሚት፣ ጭጋጉ የሚፈጠረው ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተዋሕደው መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገለጠ። የእነዚህ ጋዞች ዋና ምንጭም መኪና ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀው የንጹሕ አየር ሕግ አዳዲስ መኪናዎች የሚያወጡትን መርዘኛ ጋዝ በ90 ከመቶ እንዲቀንሱ አስገደደ። ጃፓንም በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1978 በዘመኑ እጅግ ጥብቅ የነበረውን ደንብ በሥራ ላይ አዋለች። ወደ አገራችን የገቡት ብዙዎቹ ትንንሽ የጃፓን መኪናዎች ሴንሰር ተሸክመው የመጡት በእነዚህ ሕጎች ምክንያት ነው።

ሕጉን ለመፈጸም የተገኘው መሣሪያ ካታሊስት ነበር። ይህም በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ፣ በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን በአንድነት ወደማይጎዱ ጋዞች ይለውጣል። ነገር ግን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማጥራት የሚችለው ድብልቁ ከ14.7 ለ1 ብዙም ሳያፈነግጥ ሲጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ከካቻቢቴና ከጆሮ ሊጠበቅ አልቻለም፤ ስለዚህ በጭሱ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ሳያቋርጥ የሚናገር መልእክተኛ አስፈለገ።

የመልእክተኛው ልደት

የመሣሪያው ሥረ መሠረት ቀደም ብሎ ተጥሎ ነበር። ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት እ.ኤ.አ. በ1889 በሁለት ወገን ያለው የቁስ መጠን ሲለያይ ስለሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያስረዳውን ቀመር አወጣ። የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ሸክላ ሲግል የኦክስጅን አዮኖችን የማሳለፍ ጠባይ አለው። የሸክላው አንድ ገጽ ከጭሱ ጋር፣ ሌላው ገጽ ከውጭ አየር ጋር ሲገናኝ የኦክስጅኑ ልዩነት ቮልት ይወልዳል። በዚህ መሠረት የጀርመኑ የቦሽ ኩባንያ ያመረተው የላምዳ ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊድኑ ቮልቮ 240 ዐይነት መኪናዎች ላይ ተገጥሞ ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ። ዓመቱ በእኛ አቈጣጠር 1968 እና 1969 ዓ.ም. ላይ ያርፋል።

የሴንሰሩ አነጋገር አጭር ነው። በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲጠፋ፣ ማለት ድብልቁ ወፍራም ሲሆን፣ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፤ ኦክስጅን ሲተርፍ፣ ማለት ድብልቁ ቀጭን ሲሆን፣ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። የሁለቱ ድንበር 0.45 ቮልት ገደማ ነው። የሞተሩ ኮምፒዩተር ይህን እየሰማ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ሴንሰሩ የሚያነጻጽረው የውስጡን ከውጭው ጋር ስለሆነ ከፍታው ቢለወጥም ድንበሩ ከቦታው አይናወጥም። ካርቡራቶር ሊፈታው ያልቻለው የሐረጎና የጣርማበር ችግር መፍትሔ ያገኘው እንዲህ ነው።

ሴንሰሩ ሥራውን የሚጀምረው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1982 በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ዐይነት ተጨመረ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ሁሉ ራሳቸውን የሚመረምሩበት ሥርዐት ግዴታ ሆነባቸው፤ አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2001 ለቤንዚን መኪናዎች ይህንኑ ተከተለች። ከካታሊስቱ በስተኋላ የተተከለው ሁለተኛው ሴንሰር የመጣው በዚህ ሥርዐት ነው፤ ጥፋት ሲገኝ በነጂው ፊት የሚበራው ቢጫ መብራትም የሥርዐቱ ክፍል ነው።

የእርሳስ መሰናክልና የአገራችን ቤንዚን

መልእክተኛው ግን በየትም አገር ሊሠራ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውሁድ ቢጨመር ሞተር እንደማያንኳኳ ካገኘ ወዲህ ዓለም በእርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚን ሲነዳ ኖሯል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የካታሊስቱንና የሴንሰሩንም ፕላቲኒየም ሸፍኖ ያደነዝዛል። ስለዚህ እርሳስ ባለበት አገር እነዚህን መሣሪያዎች የያዘ መኪና ማስገባት ሀብትን በጥቂት ታንከር ቤንዚን ማበላሸት ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 በዳካር የተሰበሰቡት ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስን ለማስወገድ ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻም ኢትዮጵያን ጨምሮ አካባቢው በሙሉ ከእርሳስ ቤንዚን ተላቀቀ። በዓለም መጨረሻ ያቆመችው አልጄርያ ስትሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2021 ነው።

በአገራችን ሌላም ለውጥ ተከትሏል። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 ከመቶ እየሆነ በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር መደባለቅ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 ከመቶ ከፍ አለ። ኤታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው 10 ከመቶ ሲገባ የአየሩ ድርሻ ከ14.7 ወደ 14.1 ገደማ ይወርዳል። የካርቡራቶር መኪና ይህን አያውቅም፤ ሴንሰር ያለው መኪና ግን ማንም ሳይነግረው ራሱን አስተካክሏል።

መልእክተኛውን መስማት

አንድ ነጂ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ ዳገቱን ሲወጣ ቢጫው መብራት በራበት እንበል። መመርመሪያው ሲሰካ ፒ 0171 የሚል ቁጥር ያወጣል፤ ትርጉሙም ድብልቁ ቀጥኗል ማለት ነው። የተለመደው ስሕተት እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ ከሳምንት በኋላም መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ቁጥሩ ግን የተናገረው ሴንሰሩ ያየውን እንጂ የሴንሰሩን ሞት አልነበረም።

የጭስ ማውጫው ከሴንሰሩ በፊት ተሰንጥቆ ቢሆን የውጭ አየር ሾልኮ ገብቶ ሐሰተኛ ቅጥነት ያሳያል። ከአየር ፊልትሮው በኋላ ያለው ላስቲክ ቢቀደድ፣ የነዳጅ ፓምፑ ቢደክም፣ የቤንዚን መርጫው ቢደፈን ቅጥነቱ እውነተኛ ነው፤ መልእክተኛውም አልዋሸም። ከሁሉ የሚያስተው ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ከነኦክስጅኑ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል፤ ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅኑን ብቻ ስለሆነ «ቀጥኗል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ይበልጥ ቤንዚን ይጨምራል። ቤንዚን የሚሸት መኪና «ቤንዚን አነሰኝ» የሚልበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የአየርና የጭስ ፍንጥቅ በዐይንና በጆሮ ይፈለጋል፤ የቀድሞው መካኒክ ጥበብ እዚህ ላይ አሁንም ያገለግላል። ቀጥሎ የሽቦው መቃጠልና የማሞቂያው መበጠስ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ፣ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር እየዞረ ሳለ የሴንሰሩ ቮልት በዲጂታል ቴስተር ይለካል። ጤነኛው የቀድሞ ዐይነት ሴንሰር በ10 ሰኮንድ ውስጥ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሰንፎ ቢንቀራፈፍ አርጅቷል፤ ባለበት ቢቆም የአየር ማስገቢያው ለጥቂት ጊዜ ሆን ተብሎ ተከፍቶ ቮልቱ መውረዱ ይታያል። ከወረደ ሴንሰሩ ሕያው ነው፤ ጥፋቱም ሌላ ቦታ ነው። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ አንዳንድ መኪናዎች የተገጠመው የአየርና ነዳጅ ሴንሰር ግን አሠራሩ ስለሚለይ በዚህ መለኪያ ሊዳኝ አይገባም።

የተነቀለው ሴንሰር መልክም ይመሰክራል። ጥቁር ጥላሸት ወፍራም ድብልቅን፣ ነጭ ልባጥ ብዙ ጊዜ ለሞተር ማሸጊያ የተቀባ ሲሊኮንን ወይም ወደ ማቃጠያው የገባ የራዲያተር ውሃን ያመለክታል። መንሥኤው ሳይወገድ የሚገጠም አዲስ ሴንሰርም የአሮጌውን ዕጣ ይቀበላል።

መብራቱን ማጥፋትና በሽታውን ማዳን

ፒ 0420 የሚለው ቁጥር ካታሊስቱ ደክሟል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በየጋራዡ የሚታየው ልማድ ካታሊስቱን ከነሆዱ አውጥቶ መጣል፣ ሁለተኛውንም ሴንሰር በቁራጭ ቱቦ ከጭሱ አርቆ ማታለል ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ጭሱ ግን በትምህርት ቤት በር ለሚያልፉ ልጆች ይቀራል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ያ ካታሊስት የደከመው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታከም በቆየ የካንዴላ ወይም የድብልቅ ጉድለት እንደ ሆነ ማንም ሳይጠይቅ ይቀራል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅም ይህንኑ ያጠናክራል። ይሁን እንጂ መብቱ በየቀኑ የሚከበረው ወይም የሚጣሰው መፍቻ በያዘ እጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪናዎች ላይ የኤክሳይስ ታክስ ከፍ ተደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ከዚህ የተነሣ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትሶች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል፤ የሚያወጡት ጭስም የሚወሰነው በሚደረግላቸው ጥገና ነው።

የመጀመሪያው ዘመን መካኒክ ካንዴላ አንብቦ፣ ጭስ አሽትቶ፣ ድምፅ አዳምጦ ነበር ብሎን የሚያዞረው፤ ሳይመረምር አይነካም ነበር። ሴንሰሩ የመጣው ይህን ልማድ ሊያስቀር ሳይሆን ዳገት በወጣ፣ ቁልቁለት በወረደ ቍጥር በየሰኮንዱ ሊደግመው ነው። መሣሪያው ይለወጥ እንጂ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል በጋራዡም ይሠራል፤ ከመግዛት በፊት መለካት፣ ከመንቀል በፊት መጠየቅ ይቀድማል።