የጋማ ጨረር ፍንዳታና የሱፐርኖቫ ዝምድና

የጋማ ጨረር ፍንዳታ የሚባለው ከሩቅ ሰማያት በድንገት ተነሥቶ፣ ከሰከንድ ክፋይ እስከ ብዙ ደቂቃ ቆይቶ የሚሰወር ብርቱ ጨረር ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመዘገቡት ቬላ የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ወደ ጠፈር የወጡት ከዋክብትን ሊመረምሩ ሳይሆን፣ የ1963ቱን የኑክሌር ሙከራ እገዳ ውል በስውር የሚያፈርስ መንግሥት ቢኖር ሊያጋልጡ ነበር። የፍንዳታው ምንጭ ሊቃውንትን ሠላሳ ዓመት ያህል ካከራከረ በኋላ፣ ረዘም ያሉት ፍንዳታዎች ከግዙፍ ኮከብ ሞት፣ ማለትም ከሱፐርኖቫ፣ ጋር የሚወለዱ መሆናቸው ተገለጠ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ኤፕሪል 25 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ቤፖሳክስ የተባለችው የኢጣሊያና የሆላንድ ሳተላይት ባየችው ፍንዳታ ተገኘ። በተጠቆመው የሰማይ ክፍል፣ ከ100 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ፣ በዚያው ሰሞን የፈነዳ ኮከብ ታየ፤ ቁሱም በሰከንድ 30000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተበተነ፣ ኃይሉ ከተለመደው ሱፐርኖቫ እጅግ የበረታ ነበር። ይሁን እንጂ የጋማ ጨረሩ ከሌሎቹ ፍንዳታዎች በብዙ ሺህ እጅ የደከመ ስለ ነበረ፣ ነገሩ አጋጣሚ ነው የሚሉ አልታጡም፤ ጥርጣሬያቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ክርክሩን የዘጋው ማርች 29 ቀን 2003 አሰድ በተባለው ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ፣ ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት የታየው ፍንዳታ ነው። ተከትሎት የቀረው ብርሃን በየሌሊቱ በየኅብሩ ተከፍሎ ሲመረመር፣ በመጀመሪያ ምልክት አልባ የነበረው፣ ሳምንት ያህል እንዳለፈ የ1998ቱን ሱፐርኖቫ መልክ እየያዘ መጣ።

ረዘም ያሉት ፍንዳታዎች እንዴት እንደሚወለዱ ለማስረዳት አሜሪካዊው ሊቅ ስታን ዉስሊ በ1993 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ የላይኛውን የሃይድሮጂን ሽፋን ያጣና በብርቱ የሚሽከረከር ግዙፍ ኮከብ ማዕከሉ ወደ ጥቁር ጉድጓድነት ሲወድቅ፣ በዙሪያው የሚዞረው ቁስ በሁለቱ ዋልታዎች በኩል ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ጅረት ያስፈነጥራል፤ ፍንዳታውንም በሙሉ ኃይሉ የሚያየው ጅረቱ ያነጣጠረበት ብቻ ነው።

ከ2 ሰከንድ ያነሰ የሚቆዩት ፍንዳታዎች ግን አብዛኞቹ የኒውትሮን ከዋክብት ግጭት ውጤቶች ናቸው፤ ይህም ኦገስት 17 ቀን 2017 ከስበት ሞገድ ጋር አብሮ በታየ ፍንዳታ ተረጋገጠ። ነገር ግን ክፍፍሉ ፍጹም አይደለም፤ በጁን 2006 የታየው ፍንዳታ 100 ሰከንድ ያህል ቢቆይም፣ በጥንቃቄ ተፈልጎ ሱፐርኖቫ አልተገኘለትም።