ሣር፣ ቆርቆሮና የወንድሜ ማሞቂያ

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

እንግሊዝ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሰሞኑን ደውሎ «ቤቴን የሚመረምር ሰው መጥቶ ነበር» አለኝ። ደነገጥኩ። ለካ ቤቱ «ሂት ፓምፕ» ለሚባለው ማሞቂያ ይሆናል አይሆንም ብሎ የሚያይ ባለሙያ ነው። የጋዝ ማሞቂያውን በዚህ ለሚቀይር ሰው እዚያ መንግሥት 7,500 ፓውንድ ያግዛል። ሰውዬው ታዲያ ስለ ማሽኑ ብዙም አላወራም፤ ቤቱን ነው ያገላበጠው። ግድግዳው ምን ያህል ይወፍራል? መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው? ከጣሪያው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር ተነጥፏል? እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ሙቀት ያፈሳል? መጨረሻ ላይ «መጀመሪያ ጣሪያህን አልብሰው» ብሎት ሄደ።

ሂት ፓምፕ ባጭሩ የተገለበጠ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት ወስዶ በጀርባው ያወጣል፤ ይኼኛው ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ያለችውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ሐሳቡን ሎርድ ኬልቪን በ1852 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። አንድ እጅ መብራት በልቶ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ግን ለብ ያለ ሙቀት ነው፣ ቀስ እያለ። የሚያፈስ ቤት ላይ ብትተክሉት በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው።

ወንድሜ ወሬውን ሲጨርስ «ለእማም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንግዛላትና ያንን ጎጆ እናፍርሰው፤ ቆርቆሮ ቤት እያላት ምን ታደርጋለች እዚያ?» አለ። እናቴ ከጉብሬ ወጣ ብሎ ነው የምትኖረው። እሱ ያሠራላት የቆርቆሮ ቤት አላት፤ የምታድረው ግን አባቴ በሠራው ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። እኛ ልጆቿ ግትርነት ነው ብለን ትተነው ነበር። በነጋታው የእንግሊዙን ሰውዬ ጥያቄዎች ይዤ ሄድኩ።

ጎጆውን ልንገራችሁ። መሃል ላይ ምሰሶ፣ ዙሪያውን በጭቃ የተመረገ ወፍራም ግድግዳ፣ አንድ ዝቅ ያለ በር፣ መስኮት የለም። ክዳኑ ከክንዴ ርዝመት የማይተናነስ ውፍረት ያለው ሣር ነው። ሣሩ መሃል የታሰረ አየር አለ፤ ሙቀት የሚይዘውም ያ አየር ነው። ወንድሜ ጣሪያው ሥር አንጥፍ የተባለው ጥጥ መሰል ነገርም ሥራው ይኸው ነው። መሃል ላይ ምድጃ አለ። ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ሲወጣ ክዳኑን ያደርቀዋል፣ ነቀዙንም ያባርራል። በአንድ ወገን ደግሞ ጋጥ አለ፣ ከብቶቹ ከሰው ጋር ያድራሉ። ልጅ ሆነን ሽታው ያሳፍረን ነበር። አንድ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ ላም ደግሞ ብዙ መቶ ዋት። ሦስት ላም ያለው ጎጆ ሌሊቱን ሙሉ ማሞቂያ በርቶለት ያድራል ማለት ነው፣ ያለ ቆጣሪ።

ታዲያ ቆርቆሮ እንዴት አሸነፈ? የተሸበሸበውን የብረት ጣሪያ በ1829 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ያስመዘገበው ሄንሪ ፓልመር የሚባል የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነው። (የወንድሜ አገር ሰው!) ለመጋዘን ነበር የታሰበው፤ ዕቃ ደግሞ አይበርደውም። እኛ ዘንድ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገባ፣ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ማጓጓዙ ቀለለ። ወደ እኛ መንደሮች ግን መንገድ ያስፈልግ ነበር። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። መንገዱ መኪና አመጣ፣ መኪናው ቆርቆሮ አመጣ። ለመስቀል ከከተማ የሚገባ ልጅ ለወላጆቹ ቆርቆሮ ማልበስ ክብር ሆነ።

የሞኝነት ምርጫ ነበር አልልም። ሣር ክዳን በአንድ ፍንጣሪ ይነዳል። በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ሣሩም እየጠፋ ነው። ጭሱ የእናቴን ዓይን አበላሽቶታል፤ ይህን ሳልጠቅስ ጎጆን ባሞግስ ውሸታም ነኝ። ቆርቆሮ አይነድም፣ ዝናብ አያሳልፍም። የሳትነው አንድ ነገር ነው፦ ክዳኑን ስንቀይር ክዳኑ ይሠራ የነበረውን ሌላ ሥራ ማንም አልተካውም። ብረት ከሣር በብዙ መቶ እጥፍ ሙቀት ያሳልፋል። በዚያ ላይ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ እሱ ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እናቴ «ቤቱ ያለቅሳል» ስትል ተረት ይመስለን ነበር።

ማታ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ተኛሁ። ኮርኒስ የለውም። ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ቦታ ዙሪያውን ክፍት ነው፣ እጄን አስገብቼ አየሁት። በሩ ሥር ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢዬን ደርቤ ተነሳሁና ጎጆው ሄድኩ። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል፣ ውስጡ ግን ሞቅ ይላል። እናቴ ነቅታ ነበር። «ማሞቂያው መጣ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች።

ጠዋት ለወንድሜ ደወልኩ። የማሞቂያውን ብር ኮርኒስ እናድርገው፣ ከኮርኒሱ በላይ ገለባ እናንጥፍ፣ ክፍተቱን በጭቃ እንምረግ፣ ምድጃውም ጭስ ማውጫ ያለው ይሁን አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ገለባ ግን አይጥ አይገባበትም?» አለ። እውነቱን ነው፣ እሱን ገና አናጢውን ማማከር አለብኝ። ጎጆው ግን አይፈርስም፤ ቢያንስ እናቴ አዲሱ ኮርኒስ ሥር አንድ ታኅሣሥ አድራ «ይሆናል» እስክትል ድረስ።