በካርልስበርግ ጠመቃ ቤት የተወለደው መለኪያ

ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን የተባለው ዴንማርካዊ ቢራ ጠማቂ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ከኮፐንሃገን ወጣ ብሎ በቫልቢ ኮረብታ ላይ ያቋቋመውን ጠመቃ ቤት በልጁ በካርል ስም ካርልስበርግ ብሎ ሲሰይመው፣ ሐኪሞችና የተፈጥሮ ሊቃውንት ዕለት ዕለት የሚጠቅሱት መለኪያ ከዚያው ግቢ ይወጣል ብሎ ከቶ ያሰበ አይመስለኝም። ነገር ግን ጠመቃ በልማድና በአጋጣሚ ብቻ እንዲመራ የማይወድ ሰው ስለ ነበረ፣ በ1875 ቤተ ሙከራ አቆመ፤ በደንቡም ከዚያ የሚገኝ ጠቃሚ ግኝት ሁሉ በምሥጢር እንዳይያዝ ደነገገ። ከነጋዴ እጅ እንዲህ ያለ ደንብ መውጣቱ ዛሬም ብርቅ ነው።

ጠመቃና የምግብ መፈጨት በመልክ ቢለያዩም በባሕርይ ዘመዳሞች ናቸው፤ በብቅል ውስጥ ሆኖ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም በምራቃችንም በቆሽታችንም ወንድም አለውና። ስለዚህ በ1901 የቤተ ሙከራው የኬሚስትሪ ክፍል ኀላፊ የሆነው ሶረንሰን፣ ጠመቃን ሲመረምር ጨጓራንም መመርመሩ አያስገርምም።

ቴዎዶር ሽቫን በ1836 ከጨጓራ ያገኘው ፔፕሲን ያለ አሲድ እንደማይሠራ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሊቃውንቱ ግን የሚቈጥሩት በፈሳሹ ላይ ያፈሰሱትን የአሲድ መጠን ስለ ነበረ፣ ከአሲዱ ከፊሉን ፕሮቲኖችና ጨዎች ስለሚይዙት፣ አንዱ ያገኘው ውጤት ከሌላው ጋር አልስማማ ይል ነበር። ሶረንሰን በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ኢንዛይምን የሚገዛው የተጨመረው አሲድ ብዛት ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ ነጻ ሆኖ የቀረው የሃይድሮጅን አዮን መሆኑን አስረዳ፤ የዚህም አዮን መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ጽሕፈቱ እንዲያጥር ፒኤች የተባለውን መለኪያ ሠራ። በዚህ መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ሲሆን፣ ቍጥሩ በአንድ ሲቀንስ አዮኑ ዐሥር እጥፍ ይበዛል። ፔፕሲን በ2 አካባቢ ይበረታል፤ ከቆሽት የሚመነጨው ትሪፕሲን ግን ወደ 8 ገደማ ካልሆነ በሚገባ አይሠራም።

ምክንያቱ በኢንዛይሙ ቅርጽ ውስጥ ይገኛል። ኢንዛይም ተጣጥፎ የቆመ ፕሮቲን ነውና፣ በላዩ ያሉት የአሚኖ አሲድ ክፍሎች የሃይድሮጅን አዮንን ሲቀበሉና ሲለቁ የኤሌክትሪክ ሙላቸው ይለወጣል፤ ተሳሳቢውና ተገፋፊው ሲለዋወጥም እጥፋቱ ይጸናል ወይም ይፈታል። በፔፕሲን የሥራ ሥፍራ ሁለት የአስፓርቲክ አሲድ ክፍሎች አሉ፤ ሥራው እንዲከናወን አንዱ ሃይድሮጅኑን የያዘ፣ ሁለተኛው የለቀቀ ሊሆን ይገባል። ደግሞም የጨጓራ ግድግዳ የሚያመነጨው ገና ያልነቃውን ፔፕሲኖጅንን ነው፤ አሲድ ሲያገኘው ግን ቅርጹን ለውጦ መሸፈኛውን ራሱ ቈርጦ ይጥላል። ይህ ባይሆን ኖሮ ፔፕሲን የሠራውን ሕዋስ ራሱን በበላው ነበር።

ከሃይድሮጅን ሌላ ሌሎችም አዮኖች ድርሻ አላቸው። ምራቅ በስስ ሽፋን ውስጥ ሆኖ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ጨዎቹ ወጥተው አሚሌዙ ይዳከማል፤ ጥቂት የገበታ ጨው ሲጨመርበት ኀይሉ ይመለሳል፤ የሚያበረታውም በጨው ውስጥ ያለው የክሎራይድ አዮን ነው። ካልሲየም ደግሞ የአሚሌዝን እጥፋት አስሮ ይይዛል፤ ጠማቂዎች የውሃቸው ካልሲየም እንዳያንስ የሚጠነቀቁበት አንዱ ምክንያትም በሙቅ ድፍድፍ ውስጥ የብቅሉ አሚሌዝ ቶሎ እንዳይበላሽ ነው።

የሶረንሰን ተተኪ ሊንደርስትሮም ላንግ በ1951 የፕሮቲንን አወቃቀር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ብሎ ከፈለ፤ ክፍፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሶረንሰን ራሱ በ1939 ዐረፈ፤ የኖቤልንም ሽልማት አላገኘም።